ማዕዱ የጋራ፣ ግብሩ የየራስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ስለ ቤተሰብና ስለ ገንዘብ የምንጨዋወትበት ሳምንታዊ ዝግጅታችን ዛሬ ወደ ህንድ ይወስደናል።

ህንድን ብዙዎቻችን በፊልሟ እናውቃታለን። ታላላቆቻችን ደግሞ ሒሳብና ሳይንስ ባስተማሯቸው ህንዳዊ መምህራን ያስታውሷታል። ልጆቻችሁን ለትምህርት ወደዚያ የላካችሁም አላችሁ። ዛሬ የምንገባው ግን የቤተሰብ ገንዘብ ወደሚመከርበት ጓዳ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። በአንድ ጣሪያ ሥር አያት፣ ወላጆችና ልጆች አብረው ይኖራሉ። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ የአንዱ ደመወዝ ለሌላው ሕክምና፣ የአንዷ ጡረታ ለልጅ ትምህርት ይውላል። የገቢ ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? አባወራው? ቤተሰቡ በአንድነት? ወይስ እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ?

(አጭር ሙዚቃ፤ አድማጭ የሚያስብበት ጊዜ)

መልሱ፣ እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ የሚለው ነው። በህንድ ሕግ ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው በአንድ ቅጽ አያስታውቁም። ባል የራሱን፣ ሚስት የራሷን፣ አያትም የራሳቸውን ያስታውቃሉ። ይህንን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ማዕዱ የጋራ ነው፣ ግብሩ የየራስ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ህንዶች መቶ ሺሁን «ላክ» ብለው ይቆጥራሉ። ስለዚህ 12 ላክ ሩፒ ስል 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ሩፒ ማለቴ ነው።

እስቲ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንፍጠር። የሚኖሩት በፑኔ ከተማ ነው። አባት በአንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራል። እናት እቤቷ ተማሪዎችን ታስጠናለች። አያት የአባትየው እናት ናቸው፤ ጡረታ አላቸው፣ ባንክ ያስቀመጧት ገንዘብም ወለድ ታመጣላቸዋለች። ትልቁ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ደግሞ 8 ዓመቷ። አምስቱም የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ አባትየውማ ተቀጣሪ ነው፤ አሠሪው በየወሩ ግብሩን ይቆርጥበት የለም? ሌላ ምን ይቀረዋል?

አቅራቢ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ አገራችን አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ደመወዝተኛ ግብሩ በየወሩ ከተቆረጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ ግብር ቢሮ መሄድ አያስፈልገውም። በህንድም አሠሪው ከደመወዝ ላይ ይቆርጣል፤ ሆኖም ገቢው ከግብር ነጻ ከሆነው መነሻ ያለፈ ሰው፣ የተቆረጠበትም ቢሆን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ራሱ ማስታወቅ አለበት።

የህንድ የግብር ዓመት ኤፕሪል 1 ተጀምሮ ማርች 31 ያበቃል። ከዚያ አሠሪው ምን ያህል እንደከፈለና ምን ያህል እንደቆረጠ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለረጅም ዘመን «ቅጽ 16» ሲባል የኖረው ይህ ነው። ደመወዝተኛው እርሱን ይዞ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገቢውን ይሞላል። በተለመደው አሠራር ቀነ ገደቡ ጁላይ 31 ነው፤ በ2025 እንደሆነው ሲራዘምም ይታያል። ያረፈደ ሰው እስከ ዲሴምበር 31 መሙላት ይችላል፤ ነገር ግን ገቢው ከ5 ላክ በላይ ከሆነ 5,000 ሩፒ፣ ከዚያ በታች ከሆነ 1,000 ሩፒ የመዘግየት ክፍያ አለበት።

ሞልቶ መላክ ብቻ አይበቃም። «ይህን ያስታወቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚያረጋግጡት ከመታወቂያቸው ጋር በተያያዘው ስልክ በሚላክ የምስጢር ቁጥር ነው። ካላረጋገጡ ቅጹ እንዳልገባ ይቆጠራል። አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ሞላሁ፣ ላክሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ማረጋገጫው ይረሳል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ እናትየው እንሂድ። ተማሪ አስጠንታ የምታገኘው ገንዘብ የማን ገቢ ነው? የእሷ ነው። በዕውቀቷና በድካሟ ያገኘችው የእሷ ነው፤ በስሟ ታስታውቃለች። ለዚህም የራሷ የግብር ከፋይ መለያ ያስፈልጋታል። ህንዶች «ፓን» ይሉታል። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀሉበት አሥር ምልክቶች ያሉት ካርድ ነው። አራተኛው ፊደል የባለቤቱን ማንነት ይናገራል፤ ግለሰብ ከሆነ አንድ ፊደል፣ ኩባንያ ከሆነ ሌላ።

ቀጥሎ ወደ ከባዱ ጥያቄ። አባትየው ግብር እንዲቀንስለት ብሎ 10 ላክ ሩፒ ለሚስቱ በስጦታ ሰጣት እንበል። እሷም ባንክ አስቀመጠችው፤ በዓመቱ 70,000 ሩፒ ወለድ አገኘች። የወለዱ ግብር የማን ነው? የእሷ አይደለም? ገንዘቡ በስሟ ነው፣ ደብተሩም የእሷ ነው።

(አጭር ጸጥታ)

ሕጉ የአባትየው ነው ይላል። ባል ለሚስት፣ ወይም ሚስት ለባል፣ በነጻ የሰጠው ገንዘብ የሚያመጣው ገቢ ተመልሶ በሰጪው ላይ ይደመራል። ስጦታው ራሱ ግብር የለበትም፤ ፍሬው ግን ወደ ሰጪው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ያ 70,000 ሩፒ ወለድ በዓመቱ ሌላ ወለድ ቢወልድ፣ ያኛው የእሷ ይሆናል። ሕጉ የሚከተለው የመጀመሪያውን ገንዘብ ፍሬ እንጂ የፍሬውን ፍሬ አይደለም።

የ8 ዓመቷ ልጅስ? በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ ቢያመጣ ከወላጆቿ ገቢው ከፍ ባለው ላይ ይደመራል። ልጅቷ ሥዕል ሥላ ወይም በተሰጥኦዋ ሠርታ ያገኘችው ከሆነ ግን የራሷ ነው። የ19 ዓመቱ ልጅ 18 ዓመት ስለሞላው ለብቻው ይታያል፤ አባቱ የሰጠው ገንዘብ ያፈራው ወለድም የልጁ ገቢ ነው።

ለአያትስ ቢሰጥ? ለወላጅ የተሰጠ ገንዘብ ወለዱ የወላጅ ነው፤ ወደ ሰጪው አይመለስም። ብዙ ቤተሰቦች ይህንን አያውቁም። እናቱን መጦር የሚፈልግ ልጅ ገንዘቡን በእናቱ ስም ቢያስቀምጥላቸው፣ ሕጉን ሳይጥስ እናቱንም ይረዳል፣ ግብሩም ይቃለላል። ስጦታው ግን እውነተኛ ስጦታ መሆን አለበት። ገንዘቡ የእናትየው ነው፤ ነገ «መልሺልኝ» የሚባልበት አይደለም። ደግሜ ልበል፦ ማዕዱ የጋራ ነው፣ ግብሩ የየራስ ነው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ የሠርግ ስጦታስ? የህንድ ሠርግ እኮ በወርቅ የተሞላ ነው።

አቅራቢ፦ በሠርግ ለሙሽሮች የተሰጠ ስጦታ፣ ከዘመድም ይምጣ ከባዕድ፣ ግብር የለበትም። ከሠርግ ውጭ ግን ዘመድ ካልሆኑ ሰዎች በዓመት ውስጥ የተቀበሉት ስጦታ ከ50,000 ሩፒ ካለፈ፣ ትርፉ ብቻ ሳይሆን ሁሉም እንደ ገቢ ይቆጠራል። ስለዚህ የሠርጉን ስጦታ ዝርዝር ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከዓመታት በኋላ «ይህ ወርቅ ከየት መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ የምትመልሰው ያቺ ወረቀት ናት።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን «የየራስ» እያልኩ መጣሁ። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ፤ ከህንድ ውጭ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ሕጉ «ያልተከፋፈለ የሂንዱ ቤተሰብ» የሚባለውን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ግብር ያስከፍለዋል። የራሱ ፓን፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ ከግብር ነጻ የሆነ የራሱ መነሻ አለው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ቤት ቢከራይ፣ ኪራዩ የዚህ ቤተሰብ ገቢ ሊሆን ይችላል። ሂንዱዎች ብቻ ሳይሆኑ ጃይኖች፣ ሲኮችና ቡድሂስቶችም ይህንን ማቋቋም ይችላሉ፤ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ግን አይችሉም። ሆኖም ማንም ሰው ደመወዙን አውጥቶ «የቤተሰቡ ነው» ሊል አይችልም። ደመወዝ የሠራው ሰው ነው።

የቤተሰቡ አስተዳዳሪ «ካርታ» ይባላል። ለዘመናት ይህ ሥልጣን የወንዶች ነበር። በ2005 የወጣው የውርስ ሕግ ማሻሻያ ሴት ልጆችን ከወንድሞቻቸው እኩል ባለመብት አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታላቅ የሆነች ሴት ልጅ ካርታ መሆን እንደምትችል ወስኗል። እኔ ይህንን ከግብሩ ጉዳይ በላይ ትልቅ አድርጌ አየዋለሁ። የቤተሰብ ገንዘብ ሲመከር ሴት ልጅ የምትቀመጥበትን ቦታ የለወጠ ነገር ነውና።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ መጠኑ ጥቂት እንበል። ቁጥር አላበዛም፤ ዋናውን ብቻ።

ህንድ ሁለት የግብር ስሌቶች አሏት። አሮጌው ስሌት ከፍ ያለ ምጣኔ አለው፣ ግን ብዙ ተቀናሽ ይፈቅዳል። ለሕይወት መድን፣ ለጡረታ ቁጠባ፣ ለልጆች የትምህርት ክፍያ፣ ለቤት ብድር ዋና ገንዘብ የወጣው እስከ 1.5 ላክ ሩፒ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። ይህ ተቀናሽ እስከ 2026 በነበረው የአንቀጹ ቁጥር «80ሲ» እየተባለ በእያንዳንዱ ቤት ይታወቃል። አዲሱ ስሌት በ2020 መጣ፤ ምጣኔው ዝቅ ያለ ነው፣ ተቀናሾቹ ግን አብዛኞቹ ቀርተዋል። ዛሬ ግብር ከፋዩ ምንም ካልመረጠ የሚታሰብለት በአዲሱ ነው።

በ2025 በጀት መሠረት በአዲሱ ስሌት ዓመታዊ ገቢው እስከ 12 ላክ የሆነ ሰው ግብሩ ይነሳለታል። ለደመወዝተኛ ደግሞ 75,000 ሩፒ ስለሚቀነስለት እስከ 12 ላክ ከ75 ሺህ ድረስ ግብር የለበትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ይህ ምሕረት ለደመወዝ፣ ለወለድና ለመሳሰለው ነው፤ አክሲዮን ሸጦ ያገኙት ትርፍ ልዩ ምጣኔ ስላለው በዚህ ጥላ ሥር አይገባም።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ታዲያ ከ12 ላክ በትንሹ ያለፈ ሰው ተጎዳ ማለት አይደለም?

አቅራቢ፦ ብዙዎች ይህንን ፈርተው የደመወዝ ጭማሪ እስከ መጥላት ይደርሳሉ። በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ግብር የሚሰላበት ገቢው 12 ላክ ከ10,000 ሩፒ ሆነ። በተራ ስሌት ቢሄድ 61,500 ሩፒ ግብር ይጠየቅ ነበር። በ10,000 ሩፒ ምክንያት 61,500! ሕጉ ይህንን አይቶ ከልክሎታል፤ ግብሩ ከዚያችው ካለፈችው 10,000 ሩፒ አይበልጥም፤ ለጤናና ለትምህርት ተብላ የምትታከለዋን 4 በመቶ ሳንቆጥር ማለት ነው። ስለዚህ ጭማሪውን መፍራት አያስፈልግም።

ከሁለቱ ስሌቶች የትኛው ይሻላል? የቤት ብድር ያለበት፣ ኪራይ የሚከፍል፣ ብዙ የሚቆጥብ ቤተሰብ በሁለቱም አስልቶ ማወዳደር አለበት። ገቢው ከ12 ላክ የማይዘል ደመወዝተኛ ግን ብዙ ሳይደክም አዲሱን ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የአሮጌው ስሌት አንድ ችግር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ፣ ሰው ለግብር ተቀናሽ ብሎ ያልመረመረውን የመድን ውል ይገዛል። ሻጩ ይቸኩላል፣ ገዢውም ይቸኩላል። ለ20 ዓመት የሚከፈል ውል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈረማል። መድን መግዛት ያለብን የምንጦረው ሰው ያለን እንደሆነ ነው፤ ግብር ሊያስቀንስ ይችላል ብለን ብቻ መሆን የለበትም። ሌላው ደግሞ የሐሰት የኪራይ ደረሰኝ ነው። ለእናቱ ቤት እውነተኛ ኪራይ የሚከፍል ልጅ በአሮጌው ስሌት ተቀናሹን ሊጠይቅ ይችላል፤ እናትየውም ኪራዩን እንደ ገቢ ያስታውቃሉ። ያልተከፈለ ኪራይ ተከፍሏል ብሎ ማቅረብ ግን ወንጀል ነው።

ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያለው ማጭበርበር በቀላሉ ይታወቃል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ከ2021 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ግብር ከፋይ ዓመታዊ የመረጃ መግለጫ ያዘጋጃል። የባንክ ወለድ፣ የአክሲዮን ሽያጭ፣ ትልቅ ግዢ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ቅጹን ከመሙላት በፊት ያንን መግለጫ ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ያልተመዘገበ መስሎት ወለዱን የተወ ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አያታችንን አልረሳኋቸውም። 75 ዓመት ሞልቷቸው፣ ገቢያቸው ጡረታና ጡረታው በሚገባበት ባንክ የሚያገኙት ወለድ ብቻ ከሆነ፣ ለባንኩ መግለጫ ይሰጣሉ፤ ባንኩ አስልቶ ግብሩን ይቆርጣል፣ እሳቸው ቅጽ መሙላት አያስፈልጋቸውም። ሸምገል ላሉ ሰዎች የታሰበ መልካም ሥርዓት ነው።

ለ8 ዓመቷ ልጅም የተዘጋጀ ነገር አለ። ህንድ በጃንዋሪ 2015 «ሱካኒያ ሳምሪዲ» የተባለ የሴት ልጆች የቁጠባ ሒሳብ ጀመረች። ልጅቷ 10 ዓመት ሳይሞላት በፖስታ ቤት ወይም በባንክ ይከፈታል። በዓመት ከ250 ሩፒ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ለ15 ዓመት ይገባል፣ ሒሳቡ ከተከፈተ በ21 ዓመቱ ይበስላል። 18 ዓመት ሲሞላት ለትምህርቷ እስከ ግማሹ ማውጣት ይቻላል። ወለዱ ግብር የለበትም። ድሃ ቤተሰብም ሊጀምረው የሚችለው ነገር በመሆኑ እጅግ እወደዋለሁ።

ህንዶችም እንደ እኛ ዕቁብ አላቸው፤ «ቺት ፈንድ» ይሉታል። በየወሩ እኩል ይጣላል። ልዩነቱ፣ ብዙ ጊዜ ዕጣ ሳይሆን ጨረታ ነው፤ ቸኩሎ የሚፈልገው አባል ከድምሩ ላይ ከፍተኛውን ቅናሽ ሰጥቶ ይወስዳል፤ ቅናሹ ለቀሩት ይከፋፈላል። በ1982 በወጣ ሕግ ይመራል፣ መመዝገብም አለበት። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚነግዱ አታላዮች ነበሩ። በ2013 በምዕራብ ቤንጋል በፈነዳው ቅሌት «ሳራዳ» የተባለ ድርጅት የብዙ ድሆችን ቁጠባ ይዞ ጠፍቷል። ያም በሕዝብ ዘንድ «ቺት ፈንድ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ህንድ ውስጥ ላላችሁ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዲት ቃል። ለትምህርት የተሰጠ ስኮላርሺፕ በህንድ ሕግ ከገቢ ግብር ነጻ ነው። ሥራ ከጀመራችሁ ግን ፓን ያስፈልጋችኋል። በአንድ የግብር ዓመት 182 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ህንድ የቆየ ሰው በዚያ አገር ነዋሪ ተብሎ ይቆጠራል። ኢትዮጵያና ህንድ ደግሞ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይቀረጥ የሚያደርግ ስምምነት በ2011 ተፈራርመዋል። ስለዚህ እዚህ የሚያስተምር ህንዳዊም፣ እዚያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊም የከፈለበትን ማስረጃ መያዝ አለበት።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ከ1962 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የ1961 የገቢ ግብር ሕግ በ2025 በወጣው አዲስ ሕግ ተተክቷል፤ አዲሱ የሚሠራው ከኤፕሪል 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። የአንቀጾቹ ቁጥር ተቀይሯል፤ ዛሬ የነገርኳችሁ መሠረታዊ ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

(ሙዚቃ በዝግታ ይገባል፤ ከንግግሩ ሥር ይቆያል)

አድማጮቼ፣ ከመሰናበታችን በፊት ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ሁሉም ነገር በየስም ከሆነ፣ ባለስሙ ሲሞትስ? በህንድ ለ10 ዓመት ባለቤት ያልጠየቀው የባንክ ገንዘብ በማዕከላዊ ባንኩ ወደሚጠበቅ ልዩ ፈንድ ይዛወራል፤ ወራሽ ከመጣ ይመለስለታል። ማዕከላዊ ባንኩ ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ገንዘብ የሚፈልጉበት «ኡድጋም» የተባለ ድረ ገጽ በ2023 ከፍቷል። ባልየው የት እንዳስቀመጠ ሚስት ካላወቀች ገንዘቡ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ አንድ ሰው ለባንክ ሒሳቡ ከሞቱ በኋላ ገንዘቡን የሚረከብ እስከ አራት ተጠሪ መሰየም ይችላል።

የዛሬው አደራዬ ይህ ነው። ህንድ ያላችሁም እዚህ ያላችሁም፣ በዚህ ሳምንት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡ። የትኛው ሒሳብ በማን ስም እንደሆነ፣ በየት ባንክ እንደሆነ፣ ማን እንደ ተጠሪ እንደተጻፈ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቷን ሁለታችሁም የምታውቁት ቦታ አስቀምጧት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመልሳለን። ሰላም ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)